እብዷ ጋ ወራጅ አለ

ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ «እብዷ ጋ» የሚባለውን ቦታ ያውቃል። ከገበያው ወጥቶ ቁልቁል ሲወረድ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት ጠመዝማዛ ነው። ስሙ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ቢሆንም ሰው ቤት ሲከራይ፣ ዕቃ ሲያስጭን፣ ለቅሶ ቤት ሲጠቁም «እብዷ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይላል። ስሙ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ እንደ መላሹ ነው። አንዱ ድሮ እዚያ ራቁቷን የምትዞር ሴት ነበረች ይላል። ሌላው በመኪና ላይ ድንጋይ እየወረወረች የሹፌር ዓይን ያጠፋች ሴት ነበረች ይላል። ወጣቶቹ የባጃጅ ሹፌሮች ደግሞ የገዛ ልጇን መኪና ስር የወረወረች ናት ብለው ይጨርሱታል። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ሴትዮዋ ከሞተች መቆየቷ ነው።

ሴትዮዋ ገነቴ ትባላለች፤ አልሞተችም። እዚያው ጠመዝማዛው ላይ በላስቲክ ጥላ ስር ተቀምጣ ቆጮ ትሸጣለች። ማለዳ ከዶዮገና የሚመጡት ሴቶች በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያወረዱትን ተቀብላ፣ ቆራርጣ፣ እስኪመሽ ትቸረችራለች። ባጃጅ «እብዷ ጋ ወራጅ አለ» ተብሎ ፊቷ ሲቆም፣ ወራጁ ወርዶ «ማዘር፣ ጥሩ ጥሩውን ቁረጭልኝ» ይላታል። ትቆርጥለታለች። አብዛኞቹ እሷ መሆኗን አያውቁም። የሚያውቁት የድሮ ጎረቤቶቿም ክፋት ኖሯቸው አይደለም ስሙን የሚጠሩት፤ አፋቸው ለምዶት ነው።

ገነቴ ደግሞ አንድም ቀን አእምሮዋን ስታ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። ገነቴ ሊሻን የሚባል ባልና ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቁ ቲቶ ሰባት ዓመቱ፣ ታናሿ ሐዳሳ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች። አንድ ከሰዓት ቲቶ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ባሕር ዛፍ የጫነ መኪና ጭቃው ይዞት ወደ ኋላ ተንሸራተተና ልጁን ከአጥሩ ጋር አጣበቀው። ገነቴ ከጓሮ ሮጣ ስትደርስ ሹፌሩ ሸሽቶ ሞተሩ ብቻ ይጮህ ነበር።

መኪናው የአቶ ወንዳፈረው ነበር። ወንዳፈረው እንጨትና ሲሚንቶ የሚነግድ፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሀብታም ነው። ቀብር ላይ ተገኘ፤ ድንኳኑን ያስተከለው እሱ ነበር፤ ከሊሻን ጎን ተቀምጦም አለቀሰ። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። ሽማግሌዎቹ እጅ ሲያጨባብጡ ገነቴ ጓዳ ነበረች፤ ማለቁን የሰማችውም ሊሻን ገብቶ «ከእንግዲህ ክስ የለም፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ነው። ማንም አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ሐዘንተኛው በተበተነ ማግስት ጠዋት፣ ያው መኪና ያንኑ እንጨት ጭኖ በደጇ አለፈ። የተሰበረው አጥር እንኳ አልተጠገነም ነበር። ገነቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ልጇ የወደቀበት ቦታ፣ መሀል መንገድ ላይ፣ ቁጭ አለች።

«በዚህ አታልፉም» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መጀመሪያ ሰው አብሯት አለቀሰ። ሴቶቹ ከበዋት ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሲውል ሲያድር ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ገቡ። ፓስተሩ መጥቶ ጸለየላትና «ልጅሽ ጌታ ዘንድ ነው፤ ተነሽ» አላት። አልተነሳችም። የገበያው ቀን ሲደርስ ግን የሰው ሆድ ጨከነ። መኪኖች ከላይም ከታችም ተደረደሩ፤ ጎመኑ ጠወለገ፤ በግ የያዙት ሰዎች መቆም ሰለቻቸው። ሹፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ። ከመካከላቸው አንዱ በመስኮት ወጣ ብሎ «ይቺን እብድ የሚያነሳ ወንድ የለም?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ቀለለው፤ ባዘነላት ቁጥር ከብዶት የነበረው ነገር ወረደለት። ካንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ «እብዷ ናት መንገዱን የዘጋችው፣ እብዷ ናት» አሉ። የሊሻን ወንድሞችና የገዛ ወንድሟ ተገኘ መጥተው ብብቷን ይዘው አነሷት። ታገለቻቸው፤ የተገኘን እጅ ነከሰች። ከዚያ በኋላ በቃጫ ገመድ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አሰሯትና በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት ጋሪ ላይ ጫኗት። ሐዳሳ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ገጠር ተገኘ ቤት ወስደው ክረምቱን እዚያ አቆዩዋት። ተገኘ መልካም ሰው ነው፤ የማሰሪያው ቁስል እስኪድን ቅቤ ይቀባላት ነበር። መስከረም ሲጠባ ይዟት ተመለሰ። ከተማው ጫፍ ላይ ባጃጅ ያዙ። ሹፌሩ የት እንደሚወስዳቸው ሲጠይቅ ተገኘ «ከገበያው ወርዶ ያ ጠመዝማዛው ጋ» አለው።

«እ፣ እብዷ ጋ» አለ ሹፌሩ።

ገነቴ የወንድሟን ፊት አየች። ተገኘ ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ።

ቤት ሲደርሱ ሊሻን አልነበረም። ሌላ ሴት አግብቶ ዳምቦያ የሚባል ከተማ ገብቷል፤ ለዘመዶቹም ካበደች ሴት ጋር እንዴት እኖራለሁ ብሎ ነግሯል። ሐዳሳ ጎረቤት ሶስና ቤት ነበረች። እናቷን ስታይ ሮጣ አልመጣችም፤ ከሶስና ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገነቴ በጣም ተጠንቅቃ መኖር ጀመረች። ሌላዋ ሴት ከደንበኛ ብትጣላ ተቆጣች ይባላል፤ ገነቴ ብትቆጣ ተነሳባት ይባላል። ስለዚህ አትቆጣም። ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሌላው በላይ አታለቅስም። ሰው ሲስቅ ትንሽ ትስቃለች፣ ሰው ሲያቆም ታቆማለች። ብቻዋን ስትሆን እንኳ ለራሷ አታንጎራጉርም፤ ሰው በአጥር ቢሰማስ። በቤቷ በሀዲይኛ ስታወራ ይሻላታል፤ ያንን ቃል በሀዲይኛ ማንም ብሏት አያውቅም። ቃሉ የገበያ፣ የመኪና፣ የሹፌር ቃል ነው፤ በአማርኛ ተወልዶ በአማርኛ አደገ።

ሐዳሳን በቆጮው አሳደገቻት። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ አንደኛ ካልወጣች ምሳ አትበላም። ባጃጅ መሳፈር ስትጀምር አንድ ማቆሚያ ቀደም ብላ ወርዳ በእግሯ ትመጣ ነበር። ገነቴ ምክንያቱን አልጠየቀቻትም፤ ታውቀዋለች። ሐዳሳ ፋርማሲ ተምራ ተመረቀችና ዱራሜ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። እዚያ ሚክያስ ከሚባል መምህር ጋር ተዋወቀች። የሚክያስ እናት ወይዘሮ ትርፊት በዱራሜ የታወቁ፣ ቤታቸው ሰው የማይጠፋበት ሴት ናቸው። የሚክያስ ሽማግሌዎች በደንቡ መሠረት ገጠር ተገኘ ቤት መጡ፤ ተፈቀደላቸው። ሰርጉ ግን ከእናቷ ቤት መሆን ነበረበት።

ሐዳሳ ሰርጉን ልታወራ ከዱራሜ መጣች። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ እየተቅለሰለሰች ጀመረች።

«እማዬ፣ ሰርጉን ለምን ተገኘ ቤት አናደርገውም?»

«ከቤትሽ ነው የምትወጪው። ቤት አለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ከዱራሜ የሚመጡት ሰዎች መንገድ ይጠይቃሉ። ሲጠይቁ ምን እንደሚባሉ ታውቂያለሽ።»

ገነቴ የነጠላዋን ጥለት ትቆነጥር ጀመር።

«የሚነግራቸው ሰው ደግሞ ስሙን ብቻ ነግሮ አይተውም» አለች ሐዳሳ። «እኔም እዚያ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ። ሲያስሩሽ አይቻለሁ። ባጃጅ ውስጥ እብዷ ጋ ሲባል ሌላው ሰው መንገድ ያያል፤ እኔ ያንን ገመድ ነው የማየው።»

ገነቴ ልጇ ይህን ስትናገር ሰምታ አታውቅም ነበር። «ስሙ ቢቀየርስ?» አለቻት።

ሐዳሳ ሳቀች። «ማን ይቀይረዋል?»

ገነቴ ግን ዝም ብላ አልነበረም ያለችው። በዚያው ሰሞን ከተማው ለጎዳናዎቹ ስም ሊያወጣ ነው ተብሎ በየቀበሌው ስብሰባ ተጠርቷል። የስያሜ ኮሚቴውን የሚመሩት አቶ ፍሬው ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን ለሥራ መጥተው የቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ ሆሳዕና ተወልደው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ገነቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች።

አቶ ፍሬው በሚገባ አስረዱ። የጎዳና ስም የከተማ ማስታወሻ ነው አሉ፤ ልጆቻችን ስሙን ሲጠሩ ታሪክ ይማሩበታል። «የእኛ ግን አሳፋሪ ነው። እብዷ ጋ ይባላል፤ ምን ማለት ነው? እንግዳ ሰው ሲሰማ ምን ይለናል?»

ሰው ሳቀ። ገነቴ ቀና አለች። በአደባባይ ቆሞ ያ ስም ነውር ነው ያለ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን አወጣች።

«ተናገሪ፣ እህቴ» አሉ አቶ ፍሬው።

«ያ ቦታ ቲቶ ይባልልኝ።»

«ቲቶ ማን ነው?»

«ልጄ ነው። እዚያ ነው የሞተው።»

አቶ ፍሬው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ነፍሱን ይማረው። ግን እህቴ፣ ጎዳና የሚሰየመው አንድ ነገር ለሠራ ሰው ነው። ልጅሽ ምን የሠራው ነገር አለ?»

«ሰባት ዓመቱ ነበር» አለች ገነቴ።

ከኋላ አንድ ሰው ጎኑ ላለው «እሷ እኮ ናት፣ እብዷ» አለ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው፤ አዳራሹ ግን ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። ለዓመታት ቆጮ የገዟት ሰዎች እንደ አዲስ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። አንዳንዶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ፤ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አቶ ፍሬው ፊታቸው ቀላ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሌላ ሐሳብ ያለው ካለ ብለው ጠየቁ።

ሌላ ሐሳብ ነበር። አንድ የዕድር ሹም ተነስቶ፣ የመንገዱን ኮብልስቶን በራሳቸው መኪና ያመላለሱልን፣ ድንጋዩንም የሰጡን አቶ ወንዳፈረው ናቸው፤ በእሳቸው ይሰየም አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ወንዳፈረው አርጅቷል፤ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና አይገባኝም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አለ። የበለጠ አጨበጨቡለት። ከዚያ መተላለፊያውን ይዞ ቀስ እያለ ገነቴ ጋ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ገነቴ፣ አይዞሽ። ልጁ የሁላችንም ልጅ ነበር» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰው በደግነቱ ተነካ። ገነቴ እጇን አልነጠቀችም። ብትነጥቀው ምን እንደሚባል ታውቃለች። እስኪለቃት ጠብቃ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ሐዳሳ ወሬውን በስልክ ሰማች። ሰርጉ ሲቃረብ የታተመውን የጥሪ ካርድ ይዛ መጣች፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ ያማረ ካርድ ነበር። ገነቴ ጥቂት ክፍል ተምራለችና ፊደል ትቆጥራለች። የልጇን ስም አነበበች፤ የሚክያስን አነበበች። ታች ደርሳ ቆመች። «ሆሳዕና፣ ወንዳፈረው ጎዳና» ይላል።

«ይሄ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ወንድምሽን የገደለው መኪና…»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም፤ ስሙን ያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሰው ሲሰማው ደግሞ ደህና ስም ነው።» ካርዱን ከእናቷ እጅ ወስዳ ወደ ፖስታው መለሰችው። «አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ ቻይልኝ።»

ገነቴ ቻለች። ካርዱ ለዘመድ ሁሉ ተበተነ።

የሰርጉ ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ሐዳሳ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከሚዜዎቿ ጋር ተቀምጣ ሙሽራውን ትጠብቃለች። የሚደርሱበት ሰዓት አለፈ። ስልኳ ሲጮህ ጓንት በለበሰ እጇ መያዝ ቸግሯት ስፒከሩን ከፈተችው፤ የሚክያስ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ሐዳሲ፣ ወንዳፈረው ጎዳና የሚያውቅ ሰው ጠፋ እኮ። የጠየቅነው ባጃጅ ሁሉ ሰምቼ አላውቅም ይላል።»

«ከገበያው ወደ ታች ውረዱ» አለች ሐዳሳ።

«ወርደን ተመልሰናል። እናቴ ደክሟታል። ሌላ ስም የለውም?»

የሰፈሩ ሴቶች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ገነቴ ነጠላዋን አነሳች፤ ዋናው መንገድ ድረስ ወጥታ እጇን እያውለበለበች ልታመጣቸው አሰበች። ወደ በሩ መራመድ ስትጀምር ሐዳሳ እናቷ ስልኩን ልትቀበላት የመጣች መሰላት። ጀርባዋን አዞረችባት።

«እብዷ ጋ በሏቸው» አለች።

«ማን ጋ?»

«እብዷ ጋ፣ እብዷ። ማንም ያሳያችኋል።»

ወዲያው ደረሱ። አንድ ባጃጅ ፊት ፊት እየመራ፣ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ወይዘሮ ትርፊት ከመኪና ሲወርዱ ባጃጁን የነዳውን ወጣት አመሰገኑና «ለመሆኑ ይሄ ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ በደስታ ነገራቸው፤ ልጇን መኪና ስር ወርውራ የገደለች ሴት ነበረች አላቸው። ወይዘሮ ትርፊት ኢየሱስ ያድነን ብለው ገቡ። ምሳ ላይ ጎናቸው ለተቀመጠችው ሴት የሰሙትን አወሩላት። ሴትዮዋ ሶስና ነበረች። ሶስና ሐዳሳን ያን ክረምት ያሳደረች ናት፤ ውሸቱ አንገበገባት።

«ሐሰት ነው» አለች። «እሷ አልወረወረችውም። ልጇ ሞቶባት ነው ያበደችው። ደግሞ አሁን ደህና ናት፤ አይተዋታል አይደል፣ ስታስተናግድ?»

«ማንን?» አሉ ወይዘሮ ትርፊት።

ሶስና ያኔ ነው ምን እንደተናገረች የገባት። ቢሆንም ወይዘሮዋ ዓይኗን ተከትለው፣ ወጥ ይዛ በእንግዶች መሀል የምትዞረውን ገነቴን አይተው ጨርሰዋል። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ገነቴ ልትጨምርላቸው ስትመጣ ፈገግ ብለው ሳህናቸውን በእጃቸው ከደኑ።

ሐዳሳ ዱራሜ ገባች። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ በኋላ ሥራ በዛባት። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች። ገነቴ ወሬውን እንደሰማች ጥላዋን አጠፈች፤ የአራስ ገንፎ የሚሆን ነጭ ቡላ መርጣ ገዛች፤ ቅቤ አነጠረች። ልጇን ራሷ ልታርሳት ነውና የምትቀይረውን ልብስ በፌስታል ቋጥራ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች።

ወይዘሮ ትርፊት በክብር ተቀበሏት። «እትዬ ገነቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብለው ትራስ ደረቡላት፤ ይብሉ፣ ይጠጡ እያሉ አጣደፏት። ቡላውን አድንቀው ወደ ጓዳ አስገቡት። ሕፃኗን ልያት ስትል አሁን ገና ነው የተኛችው አሏት። ሕፃኗ ስታለቅስ ተነሳች፤ ጡት ልትጠባ ነው ይቀመጡ አሏት። በመጨረሻ ሐዳሳ ልጇን ታቅፋ ወደ ሳሎን ወጣች። ገነቴ ሁለት እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ትርፊት ከመሀል ገብተው ሕፃኗን ከሐዳሳ ተቀበሉና «ብርድ ይመታታል፣ ወደ ውስጥ ላስገባት» እያሉ ይዘዋት ገቡ። የጓዳው በር ተዘጋ።

የገነቴ እጅ ትንሽ ቆየና ወደ ጭኗ ተመለሰ። ልጇን አየቻት። ከዚያ ወይዘሮዋ እንዳይሰሙ በሀዲይኛ ጠየቀቻት።

«አንቺም ትፈሪኛለሽ?»

ሐዳሳ ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየች። «እማዬ፣ በአማርኛ አውሪ» አለች ዝቅ አድርጋ። «የምናማቸው ይመስላቸዋል።»

ገነቴ በአማርኛ የምትለው አልነበራትም። ተቀምጣ ሻይዋን ጨረሰች። ወይዘሮ ትርፊት ተመልሰው ሲመጡ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ አለች። ትንሽ ይቆዩ እንጂ አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን እፎይታ ነበር። የልብሷን ፌስታል እንዳልተፈታ አንስታ ወጣች። ሐዳሳ እስከ አጥሩ ሸኘቻት፤ ጉንጯን ሳመቻት።

«ደርሰሽ ደውዪ» አለቻት።

ገነቴ በማግስቱ ጥላዋን ዘርግታ ከዶዮገና የመጣውን ቆጮ ተቀበለች። ደርሳ አልደወለችም። ሐዳሳም ለምን አልደወልሽም አላለችም።